«መላመድ» የሚለው ቃልና የጽኑ ሕሙማን ክፍል፦ መድኃኒት የማይበግራቸው ባክቴርያዎች ከመቱ ሲታዩ

አንድ ባክቴርያ ቀድሞ ይገድለው የነበረው መድኃኒት ሊገድለው ሲሳነው በአማርኛ «ጀርሙ መድኃኒቱን ተላመደ» ይባላል። ስለ ጉዳዩ የሚወጡ ሰነዶች፣ በየዓመቱ ከኅዳር 9 እስከ 15 በሚታሰበው የግንዛቤ ሳምንት የሚሰራጩ መልእክቶችና ለሕዝብ የሚሰጡ ትምህርቶች ይህንኑ ቃል ወይም የቅርብ ዘመዱን ይጠቀማሉ። ቃሉ ቀላል ነው፤ የተማረውም ያልተማረውም ይረዳዋል። ሰው ብርድን ይላመዳል፤ በሬ ቀንበርን ይላመዳል፤ ጀርምም መድኃኒትን ይላመዳል።

ይሁን እንጂ ማንኛውም ቃል የራሱን ሥዕል ይዞ ይመጣል። «መላመድ» የሚስለው ሥዕል አንድ ሕመምተኛን፣ አንድ መድኃኒትንና ረዘም ያለ ጊዜን የያዘ ነው። ሕመምተኛው መድኃኒቱን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ይገዛል፤ ወይም ሳይጨርስ ያቋርጣል፤ በሰውነቱ ውስጥ ያለው ጀርምም ቀስ በቀስ ይለምደዋል። በዚህ ሥዕል ውስጥ ጥፋተኛው ሕመምተኛው፣ ቢበዛ ደግሞ መድኃኒቱን የሸጠለት ሰው ነው። በጽኑ ሕሙማን ክፍል የሚሆነው ግን በአመዛኙ ሌላ ነገር ነው። በዚያ የተኛው ሕመምተኛ ብዙ ጊዜ ራሱን አያውቅም። የሚይዘው ባክቴርያ እርሱ ዘንድ ሲደርስ አስቀድሞ መድኃኒት የማይበግረው ሆኖ ነው። ሕመምተኛው ያላመደው ነገር የለም፤ ባክቴርያው ከጎረቤት አልጋ፣ ከዕቃ ወይም ከሰው እጅ ተሻግሮበታል። «መላመድ» የሚለው ቃል የሚሸፍነው ይህን መሻገር ነው፤ የተሸፈነው ነገር ደግሞ በዕቅድም በበጀትም ኋላ የመቅረት ዕጣ ይገጥመዋል።

የቃሉ እውነትና ወሰን

ቃሉ ፈጽሞ ስሕተት ነው ማለት አይደለም። በሳንባ ነቀርሳ ሕክምና መድኃኒቱ ሲቆራረጥ ወይም አንዱ ለብቻው ሲሰጥ፣ በድንገተኛ የዘረመል ለውጥ የተፈጠሩ ጥቂት ባሲለሶች በዚያው በሽተኛ ሰውነት ውስጥ ተመርጠው እንደሚቀሩና እንደሚበዙ ከታወቀ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል። «መድኃኒትህን ጨርስ» የሚለው ምክር ጽኑ መሠረት ያለው በዚህ በሽታ ላይ ነው። ምክሩ በማንኛውም የባክቴርያ ኢንፌክሽን ላይ እኩል እውነት ነው ብሎ መውሰድ ግን አከራካሪ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2017 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የወጣ ጽሑፍ፣ ሕክምናን ቀደም ብሎ ማቆም ለመላመድ ምክንያት ይሆናል የሚለው እምነት በቂ ማስረጃ እንደሌለው፣ ይልቁንም ከሚያስፈልገው በላይ ለረጅም ጊዜ መውሰድ በሰውነት ውስጥ በሰላም የሚኖሩትን ባክቴርያዎች ለመድኃኒቱ በማጋለጥ ችግሩን እንደሚያባብስ ተከራክሯል።

ሁለተኛው የቃሉ ወሰን በሕመምተኞች አነጋገር ይታያል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 በ12 አገሮች ባካሄደው ጥናት ከተጠየቁት ሰዎች መካከል 76 በመቶ የሚሆኑት መድኃኒቱን የሚላመደው ባክቴርያው ሳይሆን የሰው ሰውነት ነው ብለው እንደሚያምኑ ተገልጿል። ኢትዮጵያ በዚያ ጥናት ባትኖርበትም «ሰውነቴ ይህን መድኃኒት ለምዶታልና ጠንከር ያለ ይሰጠኝ» የሚል ታካሚ ለአገራችን የጤና ባለሙያ እንግዳ አይደለም። ሰው የለመደው ነገር የራሱ ብቻ ነው፤ ወደ ሌላው አይጋባም። ስለዚህ ሕመምተኛም ሆነ አስታማሚ፣ አንዳንዴም ባለሙያው ራሱ፣ መድኃኒት የማይበግረውን ባክቴርያ ከአልጋ ወደ አልጋ እንደሚሄድ ተላላፊ ነገር አድርጎ ለማሰብ ይቸገራል።

በአልጋው ዙሪያ

የጽኑ ሕሙማን ክፍል ለመሻገር የተመቸ ቦታ ነው። በመተንፈሻ መሣሪያ በሚረዳ ሕመምተኛ ጉሮሮ ውስጥ ያለው ቱቦ ሳልንና አክታን የማስወገድ ተፈጥሯዊ መከላከያን ያልፋል። የሽንት ካቴተሩና በደም ሥር የገባው መስመርም እያንዳንዳቸው የተከፈቱ በሮች ናቸው። ይሰጠው የነበረው ሰፊ ክልል ያለው ፀረ ባክቴርያ መድኃኒት በአንጀቱና በቆዳው ይኖሩ የነበሩትን ነባር ባክቴርያዎች ያጠፋና ቦታውን ለእንግዳው ይለቅለታል። በዚህ ላይ በቀን ውስጥ ብዙ እጆች ይነኩታል፤ ነርሷ ትገለብጠዋለች፤ ሐኪሙ ያዳምጠዋል፤ አክታው ይመጠጣል፤ አንሶላው ይቀየራል፤ ዘመዱ እጁን ይይዘዋል።

ባክቴርያዎቹም ለዚህ የተዘጋጁ ናቸው። አሲኔቶባክተር ባውማኒ በደረቅ ነገር ላይ፣ በአልጋ ብረትና በመሣሪያ ቁልፎች ላይ ጭምር፣ ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል። ሱዶሞናስ እርጥበት ባለበት፣ በመታጠቢያ ገንዳና በመተንፈሻ መሣሪያ ውኃ ውስጥ ይኖራል። ክሌብሲየላ በአንጀት ውስጥ ተሸሽጎ በእጅ ይጓዛል። ከዚህም የከፋው ነገር ብዙዎቹ መድኃኒትን የሚያከሽፉ ኢንዛይሞችን የሚያሠራውን ዘረመል ፕላስሚድ በተባሉ ቀለበቶች ላይ ተሸክመው ከአንድ ዝርያ ወደ ሌላው ማስተላለፋቸው ነው። ኤን.ዲ.ኤም. የተባለው ኢንዛይም መጀመሪያ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ2008 በኒው ዴሊ ታክሞ ወደ ስዊድን ከተመለሰ ሕመምተኛ በተወሰደ ክሌብሲየላ ላይ ነበር፤ ዛሬ ኢትዮጵያን ጨምሮ በብዙ አገሮች ይገኛል። ይህ ጉዞ በአንድ ሰው ገላ ውስጥ የተፈጸመ «መላመድ» ብቻ ቢሆን ኖሮ ከተፈጠረበት ሰው ጋር ይቀር ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ዘገባ መሠረት ለአጣዳፊ ሕክምና ሆስፒታል ከሚተኙ 100 ሕሙማን መካከል በበለጸጉ አገሮች 7፣ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች 15 የሚሆኑት ቢያንስ አንድ የሆስፒታል ኢንፌክሽን ይይዛቸዋል። በጽኑ ሕሙማን ክፍሎች ቁጥሩ እስከ 30 በመቶ ሊደርስ ይችላል፤ በድሃ አገሮችም፣ በተለይ በጨቅላ ሕፃናት ዘንድ፣ ክስተቱ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ያው ዘገባ በእጅ ንጽሕናና ብዙ ወጪ በማይጠይቁ ሌሎች ዘዴዎች ከእነዚህ ኢንፌክሽኖች 70 በመቶ የሚሆኑትን መከላከል እንደሚቻል ይገልጻል። ይህን ያህል ውጤት ከአንድ ጥንቃቄ የሚያስገኝ አዲስ መድኃኒት በቅርብ ጊዜ ይመጣል ብሎ ተስፋ ማድረግ አይቻልም።

ከመቱ ሲታይ

በአዲስ አበባ የሚጻፈውን ሰነድ መመዘን የሚቻለው ከአዲስ አበባ ርቆ ሲነበብ ነው። መቱ ከዋና ከተማዋ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። መቱ ካርል ሆስፒታል የኢሉባቦር ዞን ወረዳዎችን ብቻ ሳይሆን ከቡኖ በደሌና ከጋምቤላ አቅጣጫ የሚላኩ ሕሙማንንም ይቀበላል። ከዚያ በላይ ሕክምና የሚያስፈልገው ሰው በበደሌ በኩል ወደ ጅማ ወይም ወደ አዲስ አበባ ይላካል።

በዚህ መስመር የሚጓዝ አንድ ሕመምተኛ ምን ይዞ እንደሚሄድ ማሰብ ይበጃል። ትኩሳትና የመተንፈስ ችግር ይዞት ከቡሬ ወይም ከአልጌ የተነሣ ሰው በመጀመሪያው ጤና ጣቢያ ሴፍትሪአክሶን ሊጀመርለት ይችላል። በሁለተኛው ተቋም ያው መድኃኒት ይቀጥላል፤ ወይም ሌላ ይጨመርበታል። ጽኑ ሕሙማን ክፍል ሲደርስ በሰውነቱ ላይ የቀሩት ባክቴርያዎች ያን ሁሉ ያለፉ ናቸው። ከዚያ ወደ ጅማ ቢላክ ደግሞ ከተኛበት ክፍል ያገኘውን ይዞ ይሄዳል። የሪፈር ወረቀቱ ምርመራውን፣ የደም ግፊቱንና የተሰጠውን መድኃኒት ስም ይጽፋል። ሕመምተኛው ስንት ቀን በየትኛው ክፍል እንደተኛ፣ ቱቦ ወይም ካቴተር መቼ እንደገባለት፣ መድኃኒቱ በየትኛው ቀን እንደተጀመረ ካልጻፈ ግን ተቀባዩ ሆስፒታል በሩን ለማን እንደከፈተ አያውቅም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው አባባል ለሕመምተኛ ብቻ የተነገረ አይመስልም፤ ለላኪውም ለተቀባዩም ተቋም ይሠራል።

ኢሉባቦር ስለ ውኃ የሚነገረውንም ለመመርመር ያመቻል። ጎሬና አካባቢዋ በዓመት ወደ 2000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ የሚያገኙ፣ በአገሪቱ ዝናብ ከሚበዛባቸው ሥፍራዎች የሚቆጠሩ ናቸው፤ የሶር ወንዝም ከመቱ ሩቅ አይደለም። ሆኖም የዝናብ ብዛት በአልጋ አጠገብ ያለ ቧንቧ ሁልጊዜ ይፈስሳል ማለት አይደለም። የፓምፕ ብልሽት፣ የመብራት መቋረጥና የማጠራቀሚያ ማነስ በብዙ የአገሪቱ ሆስፒታሎች የታወቁ ችግሮች ናቸው። ጣሪያው ላይ የሚወርደውን ዝናብ ማጠራቀም ሴፍትሪአክሶንን እንደ መቆጣጠር ሁሉ መድኃኒት የማይበግራቸውን ባክቴርያዎች የመግታት ሥራ ነው ብሎ የሚቆጥር ዕቅድ ቢኖር በዚህ አካባቢ ትርጉሙ ወዲያው ይታይ ነበር።

የዕቅዶቹ ንባብ

ኢትዮጵያ በዚህ ጉዳይ ዘግይታለች ማለት ፍትሐዊ አይሆንም። የመድኃኒት አስተዳደርና ቁጥጥር ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2009 የመነሻ ጥናት አውጥቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ዓለም አቀፉን የድርጊት መርሐ ግብር ያጸደቀው እ.ኤ.አ. በ2015 ሲሆን የአገራችን የመጀመሪያው ስትራቴጂ ከዚያ አራት ዓመት ቀድሞ በ2011 ተዘጋጅቷል። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. ከ2015 እስከ 2020፣ ሦስተኛው ከ2021 እስከ 2025 ያለውን ጊዜ ሸፍነዋል። በኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የሚመራው የላቦራቶሪ ቅኝትም እ.ኤ.አ. በ2017 ተጀምሯል።

ከሰነዶቹ የጎደለው ርእስ አይደለም፤ ግንዛቤ፣ ቅኝት፣ ኢንፌክሽን መከላከልና ተገቢ አጠቃቀም ሁሉም ተጽፈዋል። የሚተቸው የሥራው አከፋፈል ነው። ስትራቴጂዎቹ የተዘጋጁት በመድኃኒት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት መሪነት ነው። የኢንፌክሽን መከላከያ መመሪያዎችና እ.ኤ.አ. በ2014 የተጀመረው ንጹሕና ለጤና ተስማሚ የጤና ተቋማት ንቅናቄ ደግሞ በጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በኩል የመጡ ናቸው። ሁለቱ ጅረቶች በወረቀት ቢጠቃቀሱም እስከ ታች ተቋም ድረስ በየራሳቸው ቦይ መፍሰሳቸው አይቀርም። አንዱ መድኃኒትን፣ ሌላው ጽዳትን ይቆጥራል። ከሁለቱ መካከል «በዚህ ወር በዚህ ክፍል ስንት ሰው ከገባ በኋላ ታመመ?» የሚለው ጥያቄ ባለቤት ያጣል።

ቅኝቱም ጥንቃቄ የሚሻ ነገር አለበት። የካልቸር ምርመራ ባልተስፋፋበት አገር ናሙና ብዙውን ጊዜ የሚላከው መጀመሪያ የተሰጠው መድኃኒት አልሠራ ሲል ነው። ከእንዲህ ዓይነት ናሙና የሚገኘው መቶኛ ከፍ ማለቱ አይቀርም፤ የብርቱ ሕሙማንን ብቻ የቆጠረ ነውና። ይህን ቁጥር ከትልልቅ ሆስፒታሎች ወስዶ ለጎሬ ወይም ለሁሩሙ ጤና ጣቢያ ታካሚ የመድኃኒት ምርጫ ማዋል፣ ሳያስፈልግ ወደ ጠንካራው መድኃኒት መሸሽን ያበረታታል። መቱን የሚረዳው የመቱ ቁጥር ነው፤ ጥቂት ቢሆንም በየጊዜው ከዚያው የተሰበሰበ።

ሦስተኛው ዕቅድ «አንድ ጤና» የሚለውን ሐሳብ፣ ማለትም የሰውን፣ የእንስሳትንና የአካባቢን ጤና በአንድ ዓይን ማየትን፣ መመሪያው ማድረጉ የሚመሰገን ነው። ይህ ሐሳብ በወረቀት እንዳይቀር መፈተኛው ሩቅ አይደለም። ዛሬ የቡኖ በደሌ ዞን ከተማ በሆነችው በደሌ በገንዲ በሽታ ሥራው የሚታወቅ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ አለ። በአንድ መንገድ ዳር የሚገኙ የእንስሳትና የሰው ጤና ተቋማት የባለሙያ ሥልጠናን፣ የመሣሪያ ጥገናንና የውጤት ልውውጥን በጋራ የሚያካሂዱበት አሠራር ካልተበጀ «አንድ ጤና» የስብሰባ ስም ሆኖ ይቀራል።

ሐኪሙና የሦስተኛው ቀን ጥያቄ

በዚህ ርእስ ላይ የሚጻፉ ብዙ ጽሑፎች ወቀሳውን ከታካሚው ካነሡ በኋላ መልሰው በሐኪሙ ላይ ይጥሉታል። ይህም ሚዛኑን የሳተ ነው። በሌሊት ደም የመመረዝ ምልክት የታየበት ሕመምተኛ የቀረበለት ሐኪም ሁለትና ሦስት ቀን የሚፈጀውን የካልቸር ውጤት ሊጠብቅ አይችልም፤ ቢጠብቅ ሕመምተኛው ይሞታል። ሴፍትሪአክሶንን መጀመሩ ጥፋት አይደለም። መተቸት ያለበት በሦስተኛው ቀን «ይህ መድኃኒት አሁንም ያስፈልጋል ወይ?» የሚል ሰው አለመኖሩ ነው። ለመጀመር ትእዛዝ ያስፈልጋል፤ ለመቀጠል ግን ዝምታ ይበቃል። ላቦራቶሪ ባይኖር እንኳ የትኩሳቱ መውረድ፣ የነጭ ደም ሴል ቁጥርና የሕመምተኛው ሁኔታ ለዚህ ጥያቄ መልስ ይሰጣሉ።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ፣ መሻገርን አጉልቶ መናገር ጥፋቱን ከሕመምተኛው አንሥቶ ወደ ነርሷ ማዞር ነው የሚል ይሆናል። ተቃውሞው ተገቢ ነው። አንዲት ነርስ ብዙ ጽኑ ሕሙማንን ብቻዋን በምትጠብቅበት ተራ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጣቸውን አምስቱን የእጅ ንጽሕና ጊዜያት ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ ልትፈጽም ብትነሣ ሌላ ሥራ መሥሪያ ሰዓት አይተርፋትም። መታጠቢያው ከክፍሉ ውጭ ከሆነ ደግሞ ምክሩ ስላቅ ይሆናል። በሰዓቱ መልስ የሚሆነው በአልጋው እግር ሥር የተሰቀለ የእጅ ማሻ አልኮል ነው፤ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ይበቃዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ያወጣው ቀመር 80 በመቶ ኤታኖል፣ ጥቂት ግሊሰሮልና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ብቻ የሚፈልግ፣ በሆስፒታል መድኃኒት ቤት ሊዘጋጅ የሚችል ነው። በ2012 ዓ.ም. ኮቪድ ሲገባ ብዙ ተቋማት ሳኒታይዘር ሲያዘጋጁ እንደነበር ይታወሳል። ያ ልማድ ከወረርሽኙ ጋር እንዲያልፍ መፍቀድ የተገኘን ትምህርት መጣል ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ፣ የሚያስፈልገው አዲስና ጠንካራ መድኃኒት ማቅረብ ነው የሚለው ነው። ሜሮፔኔምም ሆነ ኮሊስቲን በሚያስፈልጉበት ጊዜ መገኘት እንዳለባቸው አያከራክርም፤ በመድኃኒት እጦት የሚሞተው ሰው ቁጥርም ቀላል አይደለም። ነገር ግን እጅ ሳይጸዳ የመጣ ሜሮፔኔም ብዙም ሳይቆይ ሜሮፔኔም የማይበግረውን አሲኔቶባክተር ያስከትላል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 ባጸደቀው የፖለቲካ መግለጫ ከችግሩ ጋር የተያያዘውን ሞት እስከ 2030 በ10 በመቶ ለመቀነስ ግብ ሲያስቀምጥ፣ ጤና ተቋማት ሁሉ መሠረታዊ የውኃና የንጽሕና አገልግሎት የሚያገኙባቸው አገሮች ቁጥር መቶ በመቶ እንዲደርስም ማካተቱ ይህንኑ ቅደም ተከተል በመገንዘብ ነው።

ማጠቃለያ

«መላመድ» የሚለው ቃል ከአማርኛ ይውጣ ማለት ከንቱ ልፋት ነው፤ ሕዝቡ ቃሉን ይዞታል። ይልቁንም «መሻገር» የሚለው ቃል ከጎኑ ይቁም። በግንዛቤ ሳምንቱ «መድኃኒትህን በሥርዓት ውሰድ» ከሚለው መልእክት አጠገብ «ሕመምተኛን ከመንካትህ በፊትና ከነካህ በኋላ እጅህን አጽዳ» የሚለው ይጻፍ፤ በኢሉባቦር ደግሞ አስታማሚውና የጽዳት ሠራተኛዋ በሚናገሩት በአፋን ኦሮሞ ይጻፍ። እነርሱም አልጋውን ይነኩታልና።

ለአንድ የዞን ሆስፒታል ሊጠየቅ የሚገባው ሥራ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ቱቦውና ካቴተሩ ይቆይ ወይስ ይውጣ የሚለው በየቀኑ በዙር ይጠየቅ። መድኃኒቱ በሦስተኛው ቀን ይመርመር። መድኃኒት የማይበግረው ባክቴርያ የተገኘበት ሕመምተኛ በክፍሉ አንድ ዳር የራሱ ማዳመጫና ጓንት ተመድቦለት ይተኛ። በሪፈር ወረቀቱ ላይ የመኝታ ቀናትን፣ የመሣሪያዎችንና የመድኃኒትን መጀመሪያ ቀን የሚመዘግቡ ሦስት መስመሮች ይጨመሩ። ከገቡ ከ48 ሰዓት በኋላ አዲስ ኢንፌክሽን የታየባቸው ሕሙማን ቁጥር በወሩ መጨረሻ በክፍሉ ግድግዳ ላይ፣ የማንንም ስም ሳይጠራ፣ ይለጠፍ። ቁጥሩ መጀመሪያ ከፍ ብሎ ሊታይ ይችላል፤ ይህም ቆጠራው መጀመሩን እንጂ ክፍሉ ከሌሎች መባሱን አያሳይም። የሚቀጥለውን አገር አቀፍ ዕቅድ የሚጽፉትም ሰነዳቸውን ከማጽደቃቸው በፊት፣ ያ ቁጥር በመቱ፣ በበደሌና በጎሬ ማን እጅ እንደሚደርስና የደረሰው ሰው ምን ሊያደርግበት እንደሚችል ጽፈው ቢያስቀምጡ ከሦስቱ ሰነዶች ያልተገኘውን ነገር ያስገኛሉ።